የድሮ ጌም ለሳሎን፦ ፓይ፣ ቲቪ ቦክስ ወይስ አሮጌ ላፕቶፕ? ለጎንደር ሰው የንጽጽር መመሪያ

ጥምቀት ሲቃረብ የሚደውልልኝ ሰው ይበዛል። ከውጭ ዘመድ የሚመጣለት ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ራስበሪ ፓይ ላስመጣ ነው። የድሮ ጌም ልጭንበት። የትኛውን ልበለው?»

እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ። ቤት ያለው ቴሌቪዥን ምን ዓይነት ነው? መብራት ሲሄድስ? ደዋዩ ግራ ይገባዋል። ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም እንዳወራለት ነው የጠበቀው። እኔ ግን እዚህ ካየኋቸው ሥራ ፈት ፓዮች ውስጥ በፕሮሰሰር ማነስ መሳቢያ የገባ አላስታውስም። በቻርጀር፣ በሚሞሪና በገመድ ምክንያት የገቡት ግን ብዙ ናቸው።

ለጀማሪ ሁለት ቃል ላስረዳ። ኢሙሌተር ማለት አንዱ ማሽን ሌላውን መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። የፕሌይስቴሽን ጌም ፕሌይስቴሽን ባልሆነ ዕቃ ላይ የሚሠራው በዚህ ነው። ራስበሪ ፓይ ደግሞ ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ ያውም በአንድ ቦርድ ላይ። ስፋቱ ከመታወቂያ ካርድ ብዙም አይበልጥም። ስክሪን የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ ሃርድ ዲስክ የለውም። ሲስተሙም፣ ጌሙም፣ ሴቭ ያደረጋችሁትም ሁሉ ያለው አንዲት የጥፍር ታህል ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

## ከመምረጣችሁ በፊት

የየትኛው ዘመን ጌም ነው የናፈቃችሁ? ዋጋውን የሚወስነው ይኸ ነው። የብዙዎቻችን ትዝታ ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ ካሴት የሚሰካበት ማሪዮ ላይ እና ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ። የማሪዮው ማሽን፣ ፋሚኮም፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ሜጋ ድራይቭ በ1988፣ ሱፐር ፋሚኮም በ1990 ተከተሉ። እነዚህን ማንኛውም ቦርድ ይሸከማቸዋል። የ1994ቱን ፕሌይስቴሽን 1ንም ርካሹ ቦርድ ይችለዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የ1996ቱ ኔንቴንዶ 64 ለኢሙሌተር እልኸኛ ነው። የ1998ቱ ድሪምካስትና የ2004ቱ ፒኤስፒ ጠንከር ያለ ቦርድ ይፈልጋሉ። ፕሌይስቴሽን 2 የምትሉ ከሆነ ደግሞ ፓይን እርሱት። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ራሱን ፈልጎ መግዛት ይቀላል፤ ቀልዴን አይደለም።

ቴሌቪዥናችሁ በምን ይቀበላል? ፍላት ከሆነ ኤችዲኤምአይ አለው፤ ነገሩ ቀላል ነው። ጀርባው ያበጠው የድሮ ቴሌቪዥን ከሆነ ግን ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎቹን ነው የምታዩት። እውነቱን ለመናገር የድሮ ጌም የሚያምረው እዚያ ላይ ነው። የተሠራውም ለእሱ ነበር። ሆኖም ሁሉም ቦርድ ወደ ቢጫዋ ቀዳዳ አያደርስም።

መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይጠይቅም። እኛ ጋ ግን ከራምም ከፍጥነትም ይቀድማል። ፓይ ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲሄድ ወዲያው ይሞታል። ያኔ ሚሞሪው ላይ እየጻፈ ከነበረ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል።

መለዋወጫው እዚህ ይገኛል? ቦርዱ ከውጭ መጣ እንበል። ገመዱ ከተበላሸስ? ፒያሳ ዙሪያ ባሉ የስልክ ዕቃ ሱቆች መደበኛ የኤችዲኤምአይ ገመድ አይጠፋም። ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ግን ስትጠይቁ የስልክ ቻርጀር አውጥተው ያሳዩዋችኋል።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ

ትንሹና ርካሹ ነው። በ2021 ሲወጣ ዋጋው 15 ዶላር ነበር። ራሙ 512 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ለማሪዮ፣ ለሶኒክና ለፕሌይስቴሽን 1 ግን ይበቃል። ኔንቴንዶ 64ን አትሞክሩበት።

ርካሽነቱ ግን አያታልላችሁ። የቪዲዮ መውጫው ሚኒ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ማስተላለፊያ ይፈልጋል። የዩኤስቢ መሰኪያው አንድ፣ ያውም ትንሿ ማይክሮ ናት፤ እሱም ማስተላለፊያ ይፈልጋል። ሁለት ጆይስቲክ ለመሰካት ደግሞ ማከፋፈያ። ሲደመር ፓይ 3 ዋጋ አጠገብ ትደርሳላችሁ። የወንድ ልጅ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ለሚፈልግ እንጂ ለሳሎን አልመክረውም።

### ፓይ 3

በ2016 ወጣ። ቢ ፕላስ የሚባለው የተሻሻለው ደግሞ በ2018 በ35 ዶላር መጣ። ዛሬ ያረጀ ዕቃ ነው። እኔ ግን ለብዙ የጎንደር ቤት አሁንም እሱን እላለሁ።

ምክንያቱ ፕሮሰሰሩ አይደለም። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው መደበኛው ነው፤ ማንኛውም ገመድ ይገባዋል። አራት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። የጆሮ ማዳመጫ የምትመስለዋ ቀዳዳ ደግሞ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ምስልም ታወጣለች፤ የድሮውን ቴሌቪዥን ያለ ምንም ማስተላለፊያ ያገናኛል። እስከ ፕሌይስቴሽን 1 ድረስ ያለውን በደንብ ያጫውታል፤ ኔንቴንዶ 64ን ግን እየመረጠ ነው።

ስለዚያች ቀዳዳ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገመዱ ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው ሆኖ፣ በሌላ ጎኑ ሦስቱ ቀለሞች የሚወጡበት ነው። ከድሮ ካሜራ የተረፈ ተመሳሳይ ገመድ ቤት ይኖራችሁ ይሆናል። ስትሰኩት ምስሉ የለም፣ ድምፁ ይጮኻል። ገመዱ ላይበላሽ ይችላል፤ በውስጡ ምስሉ ከድምፁ ወይም ከመሬቱ (ኧርዝ ከሚባለው ሽቦ) ጋር ቦታ ተለዋውጦ ነው። ፓይ የሚፈልገው ምስሉ ከጫፉ በጣም ርቆ፣ ከፕላስቲኩ ሥር ባለው ክፍል ላይ ሲሆን ነው። አንዳንዱ ካሜራ ገመድ ላይ ቀዩን መሰኪያ ቢጫው ቀዳዳ ውስጥ ብትሰኩት ምስሉ ብቅ ይላል፤ መሬቱ ራሱ የተለዋወጠበትን ግን ተዉት፣ ሌላ ግዙ።

ምስሉ መጥቶ ጥቁርና ነጭ ከሆነም አትደንግጡ። ፓይ ካልነገሩት በቀር ምስሉን በአሜሪካና በጃፓን ደንብ ነው የሚልከው። የእኛ ቴሌቪዥኖች ፓል በሚባለው ደንብ ነው የሚሠሩት። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ኮንፊግ የሚለውን ፋይል ውስጥ «ኤስዲቲቪ ሞድ» የሚለውን መስመር 2 አድርጉት። ቀለሙ ይመጣል።

### ፓይ 4

በ2019 ወጣ። ከፓይ 3 ጋር ሲተያይ ዝላዩ ትልቅ ነው። ድሪምካስትን በደንብ ያጫውታል፤ አብዛኛውን ኔንቴንዶ 64 እና ብዙ የፒኤስፒ ጌም ይችላል። ባለ 2 ጊጋው ሲወጣ 45 ዶላር ነበር። ለጌም ብቻ ከሆነ 2 ጊጋ ይበቃል፤ ለ8 ጊጋው የምትከፍሉት ትርፍ ነው።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መውጫው ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ገመዱን አብሮ አስመጡ። ሁለት ቀዳዳ አለው፤ የምትሰኩት ከቻርጀሩ መግቢያ አጠገብ ያለው ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ለድሮው ቴሌቪዥን የምስል መውጫው አለ፤ ግን ኮንፊጉ ውስጥ ገብታችሁ ካልከፈታችሁት ዝግ ነው። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ የ2019 ቦርዶች ቻርጀር ላይ ስህተት ነበረባቸው። የአንዳንድ ላፕቶፕን ዓይነት ቺፕ ያለበት ታይፕ ሲ ገመድ ሲሰካባቸው ጭራሽ አይነሱም። ያገለገለ ስትገዙ ቦርዱ ሞተ ከማለታችሁ በፊት ተራ ገመድ ሞክሩበት።

### ፓይ 5

ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ያለ ነው። ባለ 4 ጊጋው በ60 ዶላር ነበር የጀመረው። ፈጣን ነው፤ ድሪምካስትና ፒኤስፒ ላይ አይንገዳገድም፤ ጌምኪዩብ የሚባለውን የኔንቴንዶ ማሽን ጌሞች መነካካት ይጀምራል። ቦርዱ ላይ ማጥፊያ ቁልፍ ያለው የመጀመሪያው ፓይ ነው፤ ልጆች ላሉበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን አውጥተውበታል። ለድሮ ቴሌቪዥን በብየዳ ካልሆነ መንገድ የለውም። ቻርጀሩ ባለ 5 አምፔር ነው፤ እዚህ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። በባለ 3 አምፔር ይሠራል፤ ለዩኤስቢ የሚሰጠውን ኃይል ግን ይቀንሳል፤ ለጆይስቲክ ችግር የለውም። ያለ ፋን ሲሠራ ደግሞ ይግላል፤ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲያልፍ ራሱን ያዘገያል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ፋን እንደ ቆላ አያቀዘቅዝም። በሌላ በኩል ማታ ማታ ብርድ አለልን። ፋኑን ግን አስገቡበት።

### ኦሬንጅ ፓይና ዘመዶቹ

ሌሎች ድርጅቶች የሚሠሯቸው ፓይ መሰል ቦርዶች ናቸው። ቦርዱ ብዙ ጊዜ በዚያው ዋጋ ከፓይ ይፈጥናል። ሶፍትዌሩ ነው የሚያስለቅሰው። ችግር ሲገጥማችሁ መልሱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሊኑክስ የምትችሉ ከሆነ ግቡበት። ካልሆነ ይለፋችሁ።

### አንድሮይድ ቲቪ ቦክስ

ብዙ ቤት አለ። ያለው ሰው ሌላ ሳይገዛ መጀመሪያ እሱን ይሞክር። ብዙ ኢሙሌተሮችን በአንድ ላይ የሚያሠራውን ሬትሮአርክ የሚባል ፕሮግራም ከፕሌይስቶር አውርዶ ጆይስቲክ መሰካት ነው። ብዙዎቹ ለድሮ ቴሌቪዥን የሚሆን መውጫም አላቸው። አዲስ ሊገዛ ያሰበ ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ራም አይመን። 4 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 2 ጊጋ የሆነ አይቻለሁ። ሬትሮአርክ ራሱ ደግሞ ሜኑው የገበያ ቀን ነው፤ ለልጅ የሚሰጥ አይደለም።

### «10,000 ጌም ያለው» ስቲክ

ከኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ፣ ከሁለት ሽቦ አልባ ጆይስቲክ ጋር የሚመጣው ነው። ሳጥኑን ከፍታችሁ በ5 ደቂቃ ውስጥ ትጫወታላችሁ፤ በዚህ ማንም አይደርስበትም። ከ10,000ው ውስጥ ግን ያው ጌም በአምስት ስም እየተደገመ ነው የሚመጣው። ድምፁ ይዘገያል። አብሮት የሚመጣው ሚሞሪ ደግሞ የሌቦች ሚሞሪ ነው፤ በጥቂት ወር ይሞታል። ከገዛችሁት በመጀመሪያው ቀን ካርዱን አውጥታችሁ ሙሉ ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ።

### አሮጌ ላፕቶፕ

ሰው ይህን ስለው ፊቱ ይጨልማል። «ፓይ ነው ያልኩህ እኮ!» ይላል። ይሁን። ግን አልጋ ሥር አቧራ የሚጠጣ፣ ኤችዲኤምአይ ያለው ባለ 64 ቢት ላፕቶፕ ካላችሁ ምንም አትግዙ። ባቶሴራ የሚባለውን ሲስተም 16 ጊጋና ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ትጭናላችሁ። ላፕቶፑን ስታስነሱ በፍላሹ እንዲነሳ ታዛላችሁ። ዊንዶውሱ አይነካም፤ ፍላሹ ሲነቀል ላፕቶፑ እንደነበረው ነው። እንቢ ካለ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚገባበት ቅንብር) ውስጥ ሴኪዩር ቡት የሚለውን አጥፉት።

ኮር አይ 3 ወይም አይ 5 የሆነ ላፕቶፕ ፓይ 4 የሚችለውን ሁሉ ያለ ችግር ይችላል። ከሁሉም በላይ ባትሪ አለው። መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ ጌሙ ግን እዚያው ላፕቶፑ ስክሪን ላይ ይቀጥላል። መጀመሪያ ግን ቻርጀሩን ንቀሉና 20 ደቂቃ መቆየቱን እዩ። ባትሪው የሞተ ከሆነ ይህ ጥቅሙ የለም።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | በደንብ የሚያጫውተው | የድሮ ቴሌቪዥን | መብራት ሲሄድ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ዜሮ 2 ደብልዩ | እስከ ፕሌይስቴሽን 1 | በብየዳ | ይጠፋል | ዝቅተኛ፣ ከነማስተላለፊያው መካከለኛ |
| ፓይ 3 | እስከ ፕሌይስቴሽን 1፣ ጥቂት ኔንቴንዶ 64 | በቀጥታ | ይጠፋል፣ ፓወር ባንክ ያድነዋል | ያገለገለ ከሆነ ዝቅተኛ |
| ፓይ 4 | እስከ ድሪምካስት፣ ብዙ ፒኤስፒ | ቅንብር ተቀይሮ | እንደ ፓይ 3 | መካከለኛ |
| ፓይ 5 | ድሪምካስት፣ ፒኤስፒ፣ ጥቂት ጌምኪዩብ | በብየዳ | ይጠፋል፣ ማጥፊያ ቁልፍ አለው | ከፍተኛ |
| ቲቪ ቦክስ | አብዛኛው እስከ ፕሌይስቴሽን 1 | ብዙዎቹ በቀጥታ | ይጠፋል | ቤት ካለ ዜሮ |
| ጌም ስቲክ | ማሪዮና ዘመኑ | በመለወጫ | ይጠፋል | ዝቅተኛ |
| አሮጌ ላፕቶፕ | ፓይ 4 የሚችለውን ሁሉ | በመለወጫ | በባትሪው ይቀጥላል | ቤት ካለ የፍላሽ ዋጋ |

መለወጫ ያልኩት ኤችዲኤምአይን ወደ ሦስቱ ቀለሞች የምትለውጠዋን ትንሽ ሳጥን ነው። ስትገዙ ተጠንቀቁ። በተቃራኒው የምትለውጥ መንትያ አለቻት። መልካቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ላያቸው ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። እኔ የተሳሳተችውን ገዝቼ አንድ ሙሉ እሑድ ፓዩን ስረግም ውያለሁ።

## ማን ምን ይግዛ

ቤቱ ላፕቶፕ ያለው፣ ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ፦ ላፕቶፕና ባቶሴራ። አበቃ።

ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥን ያለውና ማሪዮ የናፈቀው፦ ያገለገለ ፓይ 3።

ፍላት ያለው፣ አንዴ ገዝቶ ለዓመታት ሊረሳው የሚፈልግ፦ ባለ 2 ጊጋ ፓይ 4። ከነገመዱና ከነቻርጀሩ።

ፓይ 5ን የምመክረው ጌሙ ሁለተኛ ጉዳዩ ለሆነ ሰው ነው። ቴዎድሮስ ግቢ ወይም ማራኪ የሚማር፣ ቀን ኮድ ሊጽፍበት ማታ ሊጫወትበት ያሰበ ተማሪ ካለ ይግዛው፤ ገንዘቡ ሥራ ላይ ይውላል።

ፕሌይስቴሽን ቤት ልክፈትበት የሚል ግን ቆም ይበል። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ለንግድ መጠቀምን በግልጽ የሚከለክሉ አሉ፤ ሱፐር ፋሚኮምን የሚያጫውተው ስኔስ 9 ኤክስ አንዱ ነው። ጌሞቹም ባለቤት አላቸው። የእኛም የቅጂ መብት ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠብቃቸው ሥራዎች ውስጥ ያስገባል። ለቤትም ቢሆን ንጹሑ መንገድ የራሳችሁን ሲዲ መገልበጥ ወይም ሠሪዎቹ በነፃ የለቀቋቸውን አዳዲስ ጌሞች መፈለግ ነው።

## የትኛውን ሲስተም ልጫን?

ፓይ 3 ወይም 4 ከሆነ ሬትሮፓይ። በጣም የተፈተነ ነው፣ ለማንኛውም ችግር መልስ ይገኝለታል። የመጨረሻው ዝግጁ ቅጂው የወጣው በ2022 ስለሆነ ለፓይ 5 ግን የተዘጋጀ የለውም። ለፓይ 5 ባቶሴራ ወይም ሬካልቦክስ ይሁን። ላካ የሚባልም አለ፤ ቀላል ነው፣ ሜኑው ግን ያው የሬትሮአርክ የገበያ ቀን ነው።

ሬትሮፓይን የምወድበት ሌላው ምክንያት ኢንተርኔት አለመፈለጉ ነው። አንዴ ወርዶ ካርዱ ላይ ከተጻፈ ዳታ አይበላም። ፍላሽ ላይ «ሬትሮፓይ» የሚል ፎልደር በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት ትፈጥራላችሁ። ፓዩ ላይ ትሰኩታላችሁ። የፍላሹ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ሲያቆም ትነቅላላችሁ፤ ውስጡ የየማሽኑ ፎልደር ተፈጥሮ ታገኙታላችሁ። ጌሙን እየቦታው ከታችሁ መልሳችሁ ስትሰኩት ራሱ ይገለብጠዋል።

ለሚሞሪ 32 ጊጋ ይበቃል። የፋሚኮም ጌም አንድ ሜጋባይት እንኳን የሚሞላው ጥቂቱ ነው። የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ነው እስከ 700 ሜጋባይት የሚደርሰው፤ እሱም 40 ገደማ ይገባል።

## ሲያስቸግር

ምንም አይነሳም። ቀይዋ መብራት በርታ አረንጓዴዋ ካልበራች ካርዱ እየተነበበ አይደለም። ካርዱን ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጠይቋችሁ እሺ አላችሁት? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። እንቢ በሉት፤ የጻፋችሁትን ሊያጠፋው ነው። የቀስተ ደመና ቀለም አሳይቶ ቀጥ ካለ ደግሞ የሌላ ፓይ ቅጂ ነው የጫናችሁት። ለፓይ 3 እና ለፓይ 4 የሚወርደው ለየብቻ ነው።

የመብረቅ ምልክት። ፓይ 3 እና 4 ላይ ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይኛው ላይ ቢጫ መብረቅ ብልጭ ካለ ኃይል አንሶታል ማለት ነው። ምልክቱ የሚወጣው ቮልቱ ከ4.63 በታች ሲወርድ ነው። ሰው «ቻርጀሬ እኮ ባለ 33 ዋት ፈጣን ነው» ይለኛል። ፈጣን ቻርጀር ያን ኃይል የሚሰጠው ከስልኩ ጋር ተነጋግሮ ቮልቱን ከፍ ሲያደርግ ነው። ፓይ ደግሞ 5 ቮልት ብቻ ነው የሚያውቀው። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ፤ ከ5 ቮልት አጠገብ ያለው አምፔር ለፓይ 3 2.5፣ ለፓይ 4 3 መሆን አለበት። እሱ ትክክል ሆኖ መብረቁ ካልጠፋ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ቀጭንና ረጅም ገመድ መንገድ ላይ ቮልቱን ይበላዋል። አጭርና ወፍራም ገመድ ቀይሬ ስንቱን «የተበላሸ» ፓይ እንዳዳንኩ!

ሴቭ ያደረግኩት ጠፋ። ይህን በደንብ ላውራው፤ እኛኑ ስለሚመለከት። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ የፕሌይስቴሽን 1 እግር ኳስ ሊግ ጀምሮ ነበር። 20 ምናምን ጨዋታ ገፍቶ አንደኛ ነው። ቡድኑን ፋሲል ከነማ ብሎ ሰይሞታል፤ ተጫዋቾቹን ሁሉ ቀይሯል። ዝናብ መጣ፣ መብራት ሄደ። ሲመለስ ሊጉ የለም። «ጋሼ፣ ሴቭ አድርጌው ነበር እኮ!» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ልጁ እውነቱን ነው።

ሬትሮፓይ ውስጥ አብዛኛውን ጌም የሚያጫውተው ያው ሬትሮአርክ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ልማድ ነው። ጌሙ ውስጥ ሴቭ ስታደርጉ የሚጻፈው መጀመሪያ ራም ላይ ነው። ወደ ካርዱ የሚወርደው ከጌሙ በሥርዓት ስትወጡ ነው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። መፍትሔው አንድ ቅንብር ነው። ሬትሮአርክ ሜኑ ውስጥ ሴቪንግ የሚለው ጋ ግቡ፤ ሴቭራም አውቶሴቭ የሚለውን ከጠፋበት አውጥታችሁ 30 ሰከንድ አድርጉት። በየ30 ሰከንዱ ካርዱ ላይ ያወርደዋል። አዲስ ፓይ ስጭን መጀመሪያ የምነካው ይህን ነው።

ከእሱ ጋር ፓወር ባንክ ጨምሩበት። ባለ 10,000 ሚሊአምፔር የሆነ ፓይ 4ን 4 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ቴሌቪዥኑ ስለሚጠፋ አትጫወቱም፤ መብራት እስኪመጣ ግን ጌሙ ከነነፍሱ ይጠብቃችኋል። ፓወር ባንኩ እየተሞላ የሚሰጥ ዓይነት መሆን አለበት። እሱም አይበቃም። አንዳንዱ ከመብራት ወደ ባትሪ ሲሸጋገር ለቅጽበት ያቋርጣል፤ ፓዩም ሪስታርት ያደርጋል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ፓዩን ሰክታችሁ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉት። የፓዩ መብራት ከተርገበገበ አትግዙት።

ካርዱ ቶሎ ቶሎ ይበላሻል። አንዴ 64 ጊጋ ተብዬ የገዛሁት ሚሞሪ እውነተኛ ይዘቱ 8 ጊጋ ሆኖ አገኘሁት። ኮምፒውተር ላይ 64 ብሎ ያሳያል። ከ8 በላይ የጻፋችሁትን ግን ይውጠዋል፤ ጌሙ ስሙ አለ፣ ሲከፈት ጥቁር ነው። ሱቁ አልመልስም አለኝ፤ ካርቶኑን ቀድጄዋለሁና። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሁለት ሰዓት ቢፈጅም ከገዛችሁበት ቀን አታሳልፉት።

አንድ ጌም ብቻ እንቢ ካለ። የፕሌይስቴሽን 1 ጌም ሁለት ፋይል ከሆነ፣ ማለትም ቢንና ኪው፣ ሁለቱም መኖር አለባቸው፤ ስማቸውን አትቀይሩ። የፕሌይስቴሽኑ ባዮስ ፋይል (ማሽኑ ራሱ የሚነሳበት ፕሮግራም) ከሌለ አንዳንዱ ጌም ይሠራል፣ አንዳንዱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሳንቲም የሚገባባቸው የአርኬድ ጌሞች ደግሞ ጠባያቸው ሌላ ነው። ጌሙ ለተዘጋጀበት የማሜ (የአርኬድ ኢሙሌተሩ) ዕትም ካልሆነ አይከፈትም፤ ለማሜ 2003 የተዘጋጀውን ለሌላው ብትሰጡት ይመልሰዋል።

ጆይስቲኩ ያብዳል። ሬትሮፓይ ላይ ሆትኪ የሚለውን (ከሌላ ቁልፍ ጋር ሲነካ ትእዛዝ የሚሰጠውን ቁልፍ) ሰሌክት አድርጉት። ሌላ ቁልፍ ከሰጣችሁት ስትዘሉ ከጌሙ ያስወጣችኋል። ሰሌክትና ስታርት አብረው ሲነኩ መውጫ ናቸው፤ ልጆቹን መጀመሪያ አስተምሯቸው፤ ሶኬት ከመንቀል ያድናል። ቁልፉን ነክታችሁ ማሪዮ ዘግይቶ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ የፍላቱ ነው፤ ቅንብሩ ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩ።

እንግዲህ ለዘመዳችሁ የምትልኩለት መልእክት ይኸውላችሁ። ገልብጣችሁ ላኩለት፦

«ፓይ 4፣ ባለ 2 ጊጋ። የራሱ ኦርጅናል ቻርጀር፣ ባለ 5.1 ቮልት 3 አምፔር፤ የእኛ ሶኬት የሚቀበለው፣ እንደ አውሮፓ ባለ ሁለት ክብ እግር። ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ወደ መደበኛ ገመድ፣ ሁለት። ኦርጅናል 32 ጊጋ ሚሞሪ፣ ሁለት፤ አንዱ መጠባበቂያ። ፋን ያለው የቦርዱ ማቀፊያ። ጆይስቲክ አታምጣ፣ እዚህ አለ። ሳጥኑን ጣልና ቦርዱን በእጅ ሻንጣህ ያዘው።»